ሁለት ትንፋሽ

«አባትሽ መሀል ላይ ዝም ይላሉ» አለቻት እናቷ በስልክ።

ነገሩ ለአምሳል ወዲያው አልገባትም። አባቷ መሪጌታ መንግሥቴ ድሮም ወሬ የሚያበዙ ሰው አልነበሩም። ዝም አሉ ተብሎ ከወረታ ስዊድን ድረስ አይደወልም።

«ምን መሀል?»

«ወረቡ መሀል ነዋ። ለሚካኤል እየተጠና አይደል? እያሉ እያሉ ይመጡና ቀጥ ይላሉ። ልጆቹ ጥለዋቸው ይሄዳሉ። ከዚያ እሳቸው ከኋላ ይከተላሉ።» ገላነሽ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰው አይቶባቸዋል። መርሳት ጀምረዋል መሰለኝ። መምጣት ከቻልሽ ነይ።»

አምሳል ያልወሰደችው የሦስት ሳምንት ፈቃድ ነበራት፤ ወሰደችው። ሻንጣዋ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ሽቦና ላፕቶፕ በዛ፤ ሥራዋ ፈቃድ አያውቅም።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ካቆመች ቆይታለች። «ኮምፒውተር ነው የምትሠራው» ሲሏት አዎ ትላለች። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ወደ ጁፒተር ጨረቃዎች የሚላክ አንድ መንኮራኩር አለ። መንኮራኩሩ ላይ መግነጢስ የሚለካ መሣሪያ አለ። መሣሪያው የለካውን የምትይዝለት ደግሞ አንዲት ቺፕ ናት፤ አምሳል የምትነድፈው ያችን ቺፕ ነው። ጁፒተር አካባቢ ያለው ጨረር ተራ ቺፕን አያቆይም። በወፍራም ብረት እንዳትሸፈን ብረት ይከብዳል፤ መንኮራኩር ላይ እያንዳንዷ ግራም በልመና ነው የምትገኘው። ስለዚህ ቺፗ ትንሽ መሆን አለባት፤ ትንሽ ስትሆን የሚሸፍናትም ብረት ትንሽ ይሆናል። ትንሽ ሆና ደግሞ ጨረሩን መቻል አለባት። ሁለቱ አይዋደዱም። አምሳል አራት ዓመት ሁለቱን ስታስታርቅ ኖራለች።

በመጣች በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ወይራው ጥላ ሥር ጥናቱ ተጀመረ። እናትና ልጅ አጥሩ ግንብ ላይ ተቀመጡ። ከግንቡ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ነው። ሩዙ ገሚሱ ታጭዷል፣ ገሚሱ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ በታጨደው ላይ ከብት ተለቋል።

ጥላው ሥር ሦስት ወጣቶች ቆመዋል። ዓለምነህ ሳምንቱን ሙሉ ወረታ ላይ ባጃጅ የሚነዳ፣ እሑድ ሲሆን ግን ድምፁ ሰው የሚያቆም ልጅ ነው። ካሴና ያየህ ገበሬዎች ናቸው፤ የሩዙ ጭቃ ከእግራቸው ሳይለቅ መቋሚያ ይይዛሉ። መሪጌታ መንግሥቴ ከፊታቸው ቆሙና አነሡት። ዜማው ረጋ ብሎ ተነሣ። መቋሚያው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ መጣ፣ ከበሮው ገባ።

አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ መሪጌታ ቆሙ።

መቋሚያቸው መሬት ነክቶ ቀረ። አፋቸው ተዘጋ፣ ዓይናቸው ፊት ለፊት። ሦስቱ ቀጠሉ። ከበሮ መቺው ማንን እንደሚከተል ግራ ገብቶት አንዴ ሽማግሌውን አንዴ ልጆቹን አየና ብዙዎቹን ተከተለ። መሪጌታ ሲገቡ ዜማው ጥሏቸው ሄዷል።

«ደግሞ» አሉ መሪጌታ።

ደገሙት። እዚያው ቆሙ። ሦስተኛም ተደገመ፣ እዚያው ቆሙ። ያየህ ማጅራቱን አክኮ መሬት መሬት አየ።

«አየሽ?» አለች ገላነሽ።

«አየሁ።»

አምሳል ያየችው አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ሦስቴም የቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው። በሷ ሥራ እዚህም እዚያም የሚመጣ ስሕተት የጨረር ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚመጣ ከሆነ ግን ያ ቦታ ሞቷል ማለት ነው። የሞተ ቦታ አይድንም። ይህን ለእናቷ አልነገረቻትም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ የሩዝ ክምሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ወፍ ይጠብቁ ነበር። መሪጌታ ወፏ ስትመጣ እጃቸውን እንኳ አያነሡም፤ «እፍ» ይላሉ፣ ወፏም ትሄዳለች። አምሳል ድንጋይ ትወረውራለች፤ ወፏ ዞራ ትመለሳለች።

«እስቲ ያንን ሥራሽን ንገሪኝ» አሏት። «እናትሽ ሰማይ ላይ ነው ትለኛለች፤ ከዚያ ወዲያ አታውቅም።»

አምሳል ከክምሩ አንድ የሩዝ ፍሬ ፈልቅቃ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። «የምሠራት ቺፕ ይህችን ታህላለች አባባ። ጁፒተር እስክትደርስ አምስት ዓመት ትጓዛለች።»

መሪጌታ ፍሬዋን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ይህችን ነው አምስት ዓመት አስጉዛችሁ የምትልኳት? ዶሮ ብትለቅማትስ?»

«እዚያ ዶሮ የለም። ጨረር ነው ያለው። የማይታይ ጠጠር በሉት። ይመጣና ይመታታል፤ የያዘችውን ፊደል ይገለብጥባታል።»

«ያስረሳታል።»

«ብትረሳስ በማን ዕድሏ። ያልነበረውን ነው የሚያስታውሳት። አዎ ያለችውን አይደለም ትላለች፣ ደግሞ በሙሉ ልቧ።»

«ክፉ ነው» አሉ መሪጌታ። «መርሳት ይሻላል። ታዲያ ምን ታደርጊላታለሽ?»

«እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቦታ እጽፈዋለሁ። ሲጠየቁ ሦስቱም ድምፅ ይሰጣሉ። ሁለቱ ያሉት ይጸናል፤ ብቻውን የቀረው ይታረማል።»

መሪጌታ ፍሬዋን በጣታቸው አገላበጧት። «ሁለቱ ከተሳሳቱስ?»

«ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሳሳቱም። ዕድሉ ኢምንት ነው።»

«ኢምንት ማለት በግዕዝ ምንም ማለት ነው። ምንም ነው ወይስ ትንሽ ነው?»

«ትንሽ ነው እንግዲህ።»

«ትንሽ ከሆነ ትንሽ በይ» አሉና ወፏን እፍ አሏት።

ረቡዕ ዕለት የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ተክለ ማርያም ቤት መጡ። መሪጌታ እንዳልነበሩ አውቀው ነው የመጡት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ስዊድን ብርድ ጠየቁ፣ ስለ ሩዙ ጠየቁ፣ ከዚያ ጭራቸውን ከጉልበታቸው ወደ ጉልበታቸው አዛወሩ።

«ልጄ፣ እኛ ብንነግራቸው ይከፋቸዋል። አንቺ ብትነግሪያቸው ከልጅ ነውና ያልፋል። የሚካኤልን ወረብ ዓለምነህ ይምራው። እሳቸው ወንበር ወጥቶላቸው በክብር ይቀመጡ።»

«መጽሐፍ የለም እንዴ? መጽሐፉ ይዳኛቸው።»

«መጽሐፉ ቃሉን ነው የያዘው። ቃሉንማ አንድም አልሳቱም። አካሄዱን ግን መጽሐፍ አይዘውም፤ ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚወርድ። እስከ ካቻምና አብረዋቸው ይቆሙ የነበሩት መሪጌታ ባየህ በሕይወት ቢኖሩ ከሳቸው ጋር እናመሳክር ነበር፤ አፈር ሆኑ። አምና ደግሞ አባትሽን ወባ ይዟቸው ተኝተው ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመው ያለ እሳቸው አወጡት፤ እንከን አልነበረበትም። ዘንድሮ አብረው ሲቆሙ ነው ይህ የመጣ።» አለቃ አንገታቸውን ደፉ። «ሦስት ሰው አንድ ዓይነት እያለ አንዱን ብቻ እንዴት ልስማ?»

አምሳልም የምትለው ይህንኑ ነው፤ የምትበላውም እንጀራ ከዚህ ነው። «እነግራቸዋለሁ» አለች።

ክፉ ነገርን ማቆየት አትወድም። አባቷ እንደ ገቡ፣ ደጁ ላይ ተቀምጠው የጸናጽላቸውን እጀታ በቆዳ ሲጠመጥሙ፣ ቆማ ነገረቻቸው። የአለቃን ወንበርና ክብር እንኳ አላስቀደመችም። መሪጌታ እጃቸው አላረፈም።

«ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው የሚሉት?»

«ሦስቱም።»

«እኔ ብቻ ነኝ የምቆመው።»

«እርስዎ ብቻ ነዎት አባባ።»

ቆዳውን አንዴ ዞር አደረጉት። «ሁለት ትንፋሽ ይመስለኝ ነበር። የኔታ እንዲያ አድርገው ነበር ያስያዙን። እንግዲህ እኔም…»

የአምሳል ስልክ ተንጫረረ። ኔትወርክ ከሰማይ እንደ ወረደ መና አንዳንዴ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ሳታስበው ዓይኗን ጣለችበት። ከኢንግሪድ ነው፣ ከባልደረባዋ፦ «ውጤቱ ወጥቷል። ደውይልኝ።»

«እይው» አሉ መሪጌታ። «ሥራሽ ነው።»

ጸናጽሉን አስቀመጡና ወደ ውስጥ ገብተው መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። እጀታው ከብዙ ዓመት መዳፍ የተነሣ ቅቤ የጠጣ ይመስላል። «ወረታ ስትሄጂ ለዓለምነህ ስጪልኝ። የሱ ቀሊል ነው፤ የሚመራ ሰው ከባድ ያስፈልገዋል።»

አምሳል ነገሩ በቶሎ በማለቁ ቀለል አላት። ቅለቱ እስከ ራት ብቻ ነበር። መሪጌታ ማዕዱን ሲባርኩ «አባታችን ሆይ» ብለው ጀመሩ፤ ሲገፉ ሲገፉ መጡና ቆም ብለው ሚስታቸውን አዩ።

«ገላነሽ፣ ትክክል ነኝ?»

ስልሳ ዓመት ያሉትን ጸሎት ነው። ገላነሽ «ትክክል ነዎት» አለቻቸው። ከዚያ ማንም ሰው እንጀራ ለመቁረስ ቶሎ እጁን አልሰደደም።

ዓርብ ጠዋት አምሳል መቋሚያውን ይዛ ወረታ ገባች። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚለያይበት መገናኛ ላይ ኔትወርክ ያለው አንድ ሻይ ቤት አለ፤ ፎቁ ላይ ወጥታ ደወለች። ከታች የጭነት መኪናዎች ይንጫጫሉ።

ኢንግሪድ ቺፗን ወስዳ ጨረር የሚተኩስ ማሽን ፊት ሁለት ቀን አቁማት ነበር። «ፊት ለፊት ስንመታት ንጹሕ ናት» አለች። «ስድሳ ዲግሪ አዘንብለን ስንመታት ግን ተሳሳተች። ደግሞ ምንም ማስጠንቀቂያ አልሰጠችም።»

«እንዴት ማስጠንቀቂያ አልሰጠችም? ሦስት ቅጂ አለ እኮ።»

«ሁለቱ አብረው ተገለበጡ። ተስማሙ። ሦስተኛውን በድምፅ ብልጫ ረቱትና አረሙት።»

«ትክክል የነበረው የትኛው ነው?»

«ብቻውን የቀረው።»

አምሳል ላፕቶፗን ከፈተችና ንድፉን አጉልታ አየች። የት እንደሆነ ለማግኘት መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ታውቀዋለች። ባለፈው መጋቢት ቺፗ ከተፈቀደው በትንሹ ረዝማባት ነበር። በሦስቱ ቅጂዎች መካከል ባዶ ቦታ አየች። ባዶ ነው፣ ምን ይሠራል ብላ አጠበበችው፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ተጣበቁ። ኢንግሪድ ያኔ «ርቀቱ አላነሰም?» ብላ ጽፋላት ነበር። የአምሳል መልስ አሁንም እዚያው ሰፍሯል፦ «ይበቃል።» አሁን በጎን የመጣች አንዲት ጠጠር በአንድ ጉዞ ሁለቱን አገኘቻቸው።

«እኔ ነኝ ያጣበቅኳቸው» አለች በስልኩ።

«አውቃለሁ» አለች ኢንግሪድ። «ሰኞ እንነጋገር። ሰላም ለአባትሽ።»

ስልኩን ዘጋች። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሦስት ቅጂ ሦስት ምስክር የሚሆነው ተራርቆ ሲቀመጥ ነው፤ አንድ ላይ የተቀመጠ አንድ ላይ ይመታል። ይህን በሦስተኛ ዓመቷ ተምራዋለች። ከዚያ ሳታስበው ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው መቋሚያ ላይ አረፈ። ሦስቱ ልጆች የት ነው የተማሩት?

የዓለምነህ ባጃጅ ተራ እየጠበቀች ነበር። መቋሚያውን ሲያይ ከወንበሩ ወረደ፤ በሁለት እጁ ተቀበለው።

«ለኔ? እውነትሽን ነው መሐንዲሷ?»

«ለአንተ ነው ብለዋል። ወደ ቤት አድርሰኝ፣ ሰው አትጫን።»

«ሰው ካልጫንኩማ ሂሳቡ የአምስት ሰው ነው» አለና ሳቀ። መቋሚያውን እንደ ሕፃን ከኋላው አስተኛው።

ከአስፋልቱ ወርደው ወደ ሜዳው እንደ ገቡ ዓለምነህ ስልኩን መሪው አጠገብ ሰክቶ ከፈተ። የመሪጌታ መንግሥቴ ድምፅ ባጃጇን ሞላት። የሚካኤል ወረብ ነው። ድምፁ ከአሁኑ ይልቅ ጎልማሳ ነው።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከካሴ። ካሴ ከያየህ። ያየህ…» ዘወር ብሎ አያት። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ለያየህ በቴሌግራም የላክሽለት? ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሽ። ሦስታችንም ከዚሁ ነው የያዝነው። ስነዳ ስሰማው ስነዳ ስሰማው፣ በእንቅልፌም አልስተው።»

አምሳል ወደ ፊት ጎንበስ አለች። «አባባ የሚቆሙት የት ጋ ነው?»

«አሁን ይመጣል… ይኸው… አለፈ።»

«መልሰው።»

መለሰው። አለፈ። ምንም መቆም የለም፤ ቃሉ ከቃሉ ጋር እንደ ሰንሰለት ተያይዟል።

«አቁም» አለች።

«ዜማውን?»

«ባጃጁን።»

አንድ የሩዝ ማሳ ጠርዝ ላይ ቆሙ። አምሳል ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። ፋይል አትሰርዝም፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ሁሉ አለ። አገኘችው። ሁለት ናቸው። አንዱ «የአባባ ወረብ ሙሉ» ይላል፣ ሌላው «የአባባ ወረብ አጭር»። በሁለቱ መካከል የዘጠኝ ሰከንድ ልዩነት አለ።

ትዝ አላት። ያኔ ሁለተኛ ዓመት ነበረች። ስልኳ ሞልቶ ፋይሉ አልላክ ብሏት ነበር። የምትጠቀምበት ፕሮግራም ዜማ የሌለበትን ቦታ ፈልጎ የሚቆርጥ አንድ አዝራር ነበረው። ባዶ ነው፣ ምን ይሠራል ብላ ነካችው። ፋይሉ አነሰ፣ ተላከ፣ እሷም ረሳችው።

ሙሉውን ከፈተች። ዓለምነህ ከውጭ ሆኖ ጭንቅላቱን አስገባ። ዜማው መጣ፣ መጣ፣ ያ ቦታ ደረሰ፤ ቆመ። ነፋስ ይሰማል። ራቅ ብላ አንዲት ላም እምቧ አለች። አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፣ ገባ፣ ወጣ። በመካከሉ የአንዲት ልጅ ድምፅ፣ ቅርብና ችኩል፦

«አለቀ?»

መልስ የለም። ሁለተኛው ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ። ከዚያ ዜማው ምንም እንዳልሆነ ተነሣ።

ዓለምነህ ሳቀ። «ያች ደግሞ ማን ናት?» ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

«እኔ ነኝ» አለች አምሳል።

ከዚያ ዓለምነህ ከኋላ መቋሚያውን አንሥቶ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት።

«ይህን እኔ አልተቀበልኩም» አለ። «ባጃጄ ላይ ረስተሽው ነው።»

መሪጌታን ያገኘቻቸው ክምሩ ጥላ ሥር ነው። ወፍ ይጠብቁ ነበር፤ ግን «እፍ» ሲሉ አልሰማችም፣ ወፎቹ ክምሩ ላይ ሰፍረዋል። አምሳል ከጎናቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ይስሙልኝ።»

ከፈተችላቸው። መሪጌታ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ እንደ ማፈር አሉ። ያ ቦታ ሲደርስ ግን ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተነሣ፤ አንድ ጣት ወደቀ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ጣት ወደቀ፣ ዜማውም ተነሣ። በጣታቸውና በድምፁ መካከል ስንዝር ልዩነት አልነበረም።

«ያኔም ችኩል ነበርሽ» አሉ።

«አጠፋሁ አባባ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ልጆቹ ከቆረጥኩት ነው የተማሩት፤ ሦስቱም ከአንዱ። ሦስት ናቸው ብዬ ፈረድኩብዎት፤ ለካ አንድ ናቸው።»

«ሦስቱም ከኔ ድምፅ ተማሩ?»

«ከእርስዎ ድምፅ።»

መሪጌታ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። አምሳል ደነገጠች፤ ቀና ብላ ስታያቸው እየሳቁ ነው። «ሦስት ሆኜ ራሴን ረታሁታ» አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ እኮ ጭንቅላቴ እንደ ደህና ሰው ጥሎኝ ሄደ ብዬ ነበር። ጠዋት የልጅነት ስሜን ለራሴ ስነግረው ነበር፣ እንዳይጠፋኝ።»

አምሳል እጃቸውን ያዘች። እንዲህ ያለ ነገር በቤታቸው አልተለመደም፤ ሁለቱም እጆቹን እንደ ሰው ዕቃ አዩአቸው፤ ግን ማንም አልለቀቀም።

«ለምንድን ነው ዝም የሚባለው?» አለች በመጨረሻ።

«ታቦቱን የተሸከመው ቄስ በዚያ ሰዓት ደረጃው አፍ ላይ ነው። ተሸክሞ ወደ ታች አይታየውም። ከበሮው ካለ እግሩ በከበሮው ይሄድበታል። አንድ ትንፋሽ ለቀኝ እግሩ፣ አንድ ትንፋሽ ለግራው። ሲያጸና እንነሣለን።» ቆም አሉ። «ይኸው ነው። ግን ሁሉም ረሳ አለ እንጂ ለምን ዝም አልክ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።»

«እኔም አልጠየቅኩም።»

«ታርሟል» አሉ፤ ተማሪ ቀለም ሲስትባቸው እንደሚሉት። ከዚያ ወደ ክምሩ ዞረው «እፍ» አሉ። ወፎቹ ሁሉ ተነሡ።

ያን ዕለት ማዕዱን ሲባርኩ ማንንም አልጠየቁም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጥናቱ ላይ አምሳል ወይራው ሥር ገብታ በአለቃና በልጆቹ ፊት ቆመች። ሴት ልጅ እዚያ ገብታ ስትናገር አልተለመደም፤ ነገሯን በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሰች። ዝምታው ነበረ፣ ቆረጥኩት፣ መሪጌታ አልረሱም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ካሴ «ዘጠኝ ሰከንድ ለማትረፍ?» ሲል፣ ዓለምነህ «ዝም በል፣ አንተ ለቤንዚን ስትል መንገድ ታቋርጥ የለ» አለው። ካሴ ሞተር እንደሌለው ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ተሳቀ። አለቃ ተክለ ማርያም ወደ መሪጌታ ሄደው ትከሻቸውን ሳሙ። ከዚያ ጥናቱ ተጀመረ። ልጆቹ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ሦስቴ አልፈው ሄዱ፣ ሦስቴ ሳቁ፤ በአራተኛው ቆሙ።

እስከ ረቡዕ አምሳል ጠዋት ጠዋት ንድፉን ስትሠራ ቆየች። የአንዱን ፊደል ሦስት ቅጂዎች አራራቀችና በመካከላቸው የሌሎች ፊደላትን ቅጂዎች አስገባች። እንዲህ ሲሆን ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ቢመቱ እንኳ ከሁለት ቤት አንድ አንድ ሰው እንደ መጉደል ነው፤ የቀሩት ሁለት ሁለት ወንድሞች ያርሙታል። ቺፗ አልረዘመችም፣ ሽቦዋ ብቻ በዛ። ለኢንግሪድ ላከችላት። ከሥሩ «ርቀቱን አንቺም እይልኝ» ብላ ጻፈች። እንዲህ ያለ ነገር ጽፋ አታውቅም።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ረፋዱ ላይ ታቦቱ ወጣ። ሜዳው በነጭ ልብስ ተሞልቶ ነበር። መሪጌታ መንግሥቴ ከባዱን መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት ቆሙ፤ ሦስቱ ልጆች ግራና ቀኝ። ወረቡ ረጋ ብሎ ተነሣ። ከበሮው ገባ። ታቦቱን የተሸከሙት ቄስ በድባቡ ሥር ቀስ እያሉ ደረጃው አፍ ላይ ደረሱ።

መቋሚያዎቹ ሁሉ በአንዴ መሬት ነክተው ቀሩ።

ከአምሳል ኋላ አንዲት ከወረታ የመጣች ሴት ጎረቤቷን ጎሰም አደረገች። «ምነው ቆሙ? ረሱት እንዴ?»

«ቆይ» አለቻት አምሳል፣ ዞር ሳትል።

የቄሱ ቀኝ እግር ወረደ። ነፋስ ድባቡን አንቀሳቀሰው። ግራ እግራቸው ወረደ፤ ጸና። መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ፣ ሦስቱም አብረው አነሡ፣ ከበሮው እንደ ዝናብ ወረደ፣ እልልታው ተከተለ።

ወረቡ ተፈጽሞ ሕዝቡ ታቦቱን ተከትሎ ሲንቀሳቀስ መሪጌታ በሰው መሀል በአምሳል ጎን አለፉ። አልቆሙም። ላብ በጉንጫቸው ይወርድ ነበር። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፣

«አሁን አለቀ» አሏት፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።